የጋሽ ባንቲሁን ስምንት ዓመት

ሳይጠሩት መጥቶ፣ ሳይጠይቁት የሚጠግን አንድ ሽማግሌ የሌለው ሰፈር የለም። አለ የሚለኝ ሰው ካለ አላምነውም፤ እንዲህ ያለ ሰፈር ቢኖር እንኳ ቆሞ አይከርምም። ለእኛ ለጅቡቲ ካርቲየ 4 ሰፈር ሰዎች የደረሱን ክቡርነታቸው ጋሽ ባንቲሁን ናቸው፦ የበር ሐኪም፣ የቧንቧ ዳኛ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ሁሉ የበላይ ጠባቂ።

ክቡርነታቸው ሰላምታ አያውቁም። ቤትዎ ሲገቡ “እንደምን አደርክ” በማለት ፈንታ በሩን ወዲያና ወዲህ ያንቀሳቅሱና “ማነው ይሄን የበደለው?” ይላሉ። ሌላ ሰው የሠራው ነገር በሙሉ በደል ነው። አንድ ቀን የኔን የኩሽና በር እንዲሁ ሲረግሙ “ጋሽ ባንቲሁን፣ የዛሬ ዓመት የሠሩት እርስዎ ነዎት እኮ” አልኳቸው። ያፍራሉ ብዬ ነበር። ወይ ማፈር! “ቢሆንስ? ያኔ ደህና ሚስማር አልነበረም!” ብለው እንደገና ነቀሉት። ሁለት ቀን ያለ በር ምግብ አበሰልኩ።

ባለሙያ ነዎት ሲሏቸው ደግሞ ይቆጣሉ። “ገበሬ ነኝ! ይሄ የእጅ አመል ነው” ይላሉ። እውነትም ጨርጨር ተወልደው ጎልማሳ እስኪሆኑ ያረሱ ሰው ናቸውና የሚጠግኑት ነገር ሁሉ እርሻ እርሻ ይላል። የጎረቤታችን የወይዘሮ ሁዳ ፍሪጅ የሚዘጋው በጠፍር ነው፤ ሞፈር ከቀንበር እንደሚታሰር አድርገው አስረውታል። ወይዘሮ ሁዳ መጀመሪያ በሦስት ቋንቋ ረገመቻቸው። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ሆነው፤ ዛሬ ያንን ጠፍር የነካ ሰው ከእሷ ጋር ነው ጠቡ።

የኔን ቬንቲላተር የጠገኑ ጊዜ ደግሞ መዞሩን ተወና ወደ ግድግዳው ብቻ ይነፍስ ጀመር። አቤት ብል፣ “ግድግዳው ሲበርድ አንተም ትበርዳለህ፤ ምን ያስቸኩልሃል?” አሉኝ። በሐምሌ! በጅቡቲ ሐምሌ!

ሞተር የሚያስነሡት እንደ በሬ አባብለው ነው። የዓብዱሰመድን የውሃ መሳቢያ ሞተር “ቦራ” ብለው ስም አውጥተውለታል። “ና ቦራ! ና የኔ ጌታ! ሳብ!” ሲሉት ይነሣል፤ ሌላ ሰው ሲነካው ያስለዋል። ዓብዱሰመድ አምቡሊ ውስጥ የአትክልት ቦታ ያለው የሶማሌ ሰው ነው፤ አማርኛው ከሃያ ቃል አይበልጥም። ዛሬ ግን ጠዋት ጠዋት “ና ቦራ!” እያለ ሲጮኽ ይሰማል። “ወላሂ፣ ይሰማል!” ብሎ ይምልልኛል።

ጅቡቲ የመጡት ለሦስት ቀን ነበር። እህታቸው እትዬ ትርንጎ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ተከራይታ ትኖር ነበርና ሊጠይቋት መጡ። በሯ አልዘጋ ብሎ አገኙት። “ይቺን አስተካክዬ እሄዳለሁ” አሉ። እሱን ሲጨርሱ የጎረቤቷ መስኮት ታያቸው፤ መስኮቱን ሲጨርሱ የማዶው ጣሪያ። ሚስት አገቡ፣ ልጅ ወለዱ፣ ሚስታቸውንም እህታቸውንም ቀበሩ፤ ያመጣቸው ባቡር ራሱ ቀረ። ሃምሳ ዓመት ሞላ፤ እሳቸው ገና አልጨረሱም።

እርሻውንም አልተዉም። ዓብዱሰመድ ከአትክልቱ ጥግ አሥራ ሁለት እርምጃ በስምንት መሬት ሰጥቷቸዋል። ሰኔ ሲገባ፣ ያ የእሳት ነፋስ መንፈስ ሲጀምርና አቅም ያለው ሁሉ ወደ ደጋ ሲሸሽ፣ ክቡርነታቸው ማረሻ ይስላሉ። ከዚያ ሰማዩን አየት አድርገው “ዘንድሮ ዘገየ” ይላሉ። ስለ ዝናቡ ነው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ “ዘንድሮ ዘገየ!” ማሽላቸው ግን በቦራ ውሃ ይበቅላል፤ ሲያሽት ለየቤቱ ሁለት ሁለት ራስ ያድላሉ። ደስ ያለን ለመምሰል የምናየው መከራ አይጠየቅ ነበር፤ ዘንድሮ ሳስበው ግን እውነትም ደስ ይለን ነበር።

መዓቱ የመጣው በጥር ነው። ልጃቸው ኤሌኒ ሆዳን በሚባለው ሌላ ሰፈር ነው የምትኖረው፤ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ፣ ቁጥር የማይስታት፣ አባቷን እንደ ዓይኗ ብሌን የምትወድ ልጅ ናት። በጥምቀት ማግስት ልትጠይቃቸው ስትመጣ፣ ነፋሱ ሰው በሚያንገዳግድበት ቀን፣ ቆርቆሮ ተሸክመው ጣሪያ ላይ ቆመው አየቻቸው። እዚያው መንገዱ ላይ ተቀመጠች።

“ዘጠና ሦስት ዓመት!” አለች። “የዘጠና ሦስት ዓመት አባቷን ጣሪያ ላይ የምታወጣ ምን ዓይነት ልጅ ነች አይሉኝም? ከፋሲካ በኋላ ከኔ ጋር ነህ አባዬ። መሰላሉም ይሸጣል፣ መሬቱም ለዓብዱሰመድ ይመለሳል። አለቀ!”

ልጅቷ ጥፋት የለባትም። ግን እኔ ጋሽ ባንቲሁንን ሆዳን ቤቷ አይቻቸዋለሁ። ሦስተኛ ፎቅ፣ ነጭ ሴራሚክ፣ የሚያንጠባጥብ ነገር የለ። ሶፋው ላይ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ፤ ይነሡና በሩን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። በሩ ደህና ነው። ተመልሰው ይቀመጣሉ። እዚያ አንድ ክረምት የሚቆዩ አይመስለኝም ነበር።

ክቡርነታቸው ግን እጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉም። “ዘጠና ሦስት ማነው ያለው?” አሉ ከጣሪያው ሳይወርዱ።

“ወረቀትህ ነዋ!”

“ወረቀቱ ተሳስቷል! የመታወቂያው ጸሐፊ መቼ ተወለድክ ቢለኝ ሠላሳ ሁለት አልኩት፣ በኛ አቆጣጠር! እሱ በፈረንጅ ጻፈው። ስምንት ዓመት ጫነብኝ። ሰማንያ አምስት ነኝ! ስምንት ዓመቴን መልሱልኝ!”

እዚህ ላይ ሰፈሩ በሙሉ ወደ ኤሌኒ ዞረ፤ ምክንያቱም ሊሆን የሚችል ነገር ነው። ከእኛ ሰዎች ግማሹ እንዲህ ያለ ወረቀት ነው ያለው። ከታላቅ ወንድሙ በአምስት ዓመት የሚበልጥ ታናሽ አውቃለሁ።

ኤሌኒም ፍርድ ሰጠች። “እሺ፣ ጋሽ አምሀ ታሪክህን ከልደት ጀምረው በየዓመቱ ይጻፉት። ሰማንያ አምስት ከወጣ ከመሰላልህ ጋር ኑር። ዘጠና ሦስት ከወጣ ግን ሆዳን ነህ” አለች።

አምሀ እኔ ነኝ። በዚህ ከተማ ከኛ ሰው አንዱ ሲያርፍ ቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የምጽፈው እኔ ነኝ። በኔ ብዕር ሰካራሙ “ተጫዋች”፣ ንፉጉ “ቆጣቢ”፣ ሚስቱን ያስለቀሰው “ቤቱን አክባሪ” ሆኖ ተሸኝቷል። ከደንበኞቼ ተነሥቶ የተከራከረኝ አልነበረም፤ ጋሽ ባንቲሁን የመጀመሪያው ናቸው።

ሦስት ቀን፣ ከተማው ምሳ በልቶ በሚተኛበት ሰዓት፣ እቤቴ ቁጭ ብለን ጻፍን። ዓመት በቁጥር ብጠይቃቸው እሳቸው በሥራ ይመልሳሉ፦ ወይፈን የገራሁባት ዓመት፣ አንበጣ የመጣብን ዓመት፣ የወንዙን ድልድይ በእንጨት የሠራሁባት ዓመት። ሲያወሩ ፊታቸው ይበራል። እኔም መጻፉን ረስቼ እሰማለሁ፤ ሰው አንድ ቀን እንኳ ሳይቀመጥ ይህን ያህል ዘመን ይኖራል?

በሦስተኛው ቀን “ለመሆኑ ይሄ የእጅ አመል መቼ ጀመረዎት?” አልኳቸው።

“እሱማ ጣልያን ሲወጣ ነው!” አሉ ደስ ብሏቸው። “በኛ ቀበሌ በኩል በካሚዮን ሲሸሽ አንድ ፒንሳ ጣለ። ከሰው ሁሉ ቀድሜ ሮጬ አነሣሁ። ማታውኑ የአባቴን የማረሻ ብረት፣ ወገሉን፣ አቃናሁበት፤ አባቴ ‘ይሄ ልጅ እጅ አለው’ ብሎ...”

ወሬውን አቋረጡት። እኔም ብዕሬን አቆምኩ። ጣልያን የወጣው በሠላሳ ሦስት ነው። በሠላሳ ሁለት የተወለደ ሕፃን በሠላሳ ሦስት ሮጦ ፒንሳ አያነሣም፤ ጡት ነው የሚጠባው። ጸሐፊው አልተሳሳተም ነበር። ወረቀቱ ልክ ነው፣ ዘጠና ሦስት ልክ ነው።

ፊት ለፊታቸው የተጣመመ መስኮቴ ነበር፤ ምንም አላሉትም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እንደ ሆዳኑ ቀን ተቀመጡ። “ጻፍ እንጂ” አሉኝ ቀስ ብለው።

ሰውዬው ያበገኑኝን ያህል ማንም አላበገነኝም፤ ግን ያለ እሳቸው ካርቲየ 4ን ማሰብ አቃተኝ፣ እወዳቸዋለሁ። ለሞተ ሰው ስንት ጊዜ ዋሽቻለሁ፤ ያውም ለማይሰማኝ! ለሕያው አንድ ጊዜ ብዋሽ ምን አለበት? ጻፍኩ። “በ1932 ዓ.ም. ተወለዱ።” ፒንሳዋን ዘለልኳት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሆዳን ኤሌኒ ቤት ተሰበሰብንና አነበብኩ። ክቡርነታቸው የፈተና ውጤት እንደሚነገረው ተማሪ መሬት መሬት ያያሉ። ስጨርስ ኤሌኒ ወረቀቱን ተቀብላ ገለጠችው።

“የፒንሳው ታሪክስ?” አለች። “በልጅነቴ ሲያስተኛኝ ሁልጊዜ የሚያወራልኝ?”

“ረዘመብኝና... ዘለልኩት” አልኩ።

“ዘለሉት” አለች። አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ የአባቷን እጆች አየች። ቁጥር የማይስታት ልጅ ናት ብያለሁ። ዓይኖቿ እንባ ሞሉና ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

“ሰማንያ አምስት ከሆነ፣ ሰማንያ አምስት ነው” አለች። “ግን ብቻውን አይወጣም። ጋሽ አምሀ፣ መሰላሉን እርስዎ ይይዙለታል። በየቀኑ። ሒሳቡን የሠሩት እርስዎ ነዎት አይደል?”

ደረጃውን ስንወርድ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆም አሉ። ሊያመሰግኑኝ ነው ብዬ ትሑት ፊት አዘጋጀሁ።

“ልጅ አምሀ።”

“አቤት።”

“እጅህን ካስገባህ አይቀር ሰባ ዘጠኝ ብትለው ምን ነበረበት?”

ከዚያች ቀን ወዲህ ጠዋት ጠዋት መሰላል ያዥ ነኝ። ዛሬ የቆምነው ዓብዱሰመድ አትክልቱን ከሚሸጥበት ሱቅ ፊት ለፊት ነው። ፀሐዩ አናቴን ይበሳል፣ ወገቤ አልታዘዝ ብሏል፣ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፤ ጡረታ ከወጣሁ ሦስት ዓመቴ ነው። ግን ሳልጠየቅ እጸልያለሁ፦ አምላኬ፣ ሌላም ስምንት ዓመት ጨምርላቸው፣ እኔ እይዛለሁ። ቀና ብል ክቡርነታቸው ሁለት ሚስማር በከንፈራቸው ይዘው ቁልቁል እያዩኝ ነው። ሚስማሮቹን አወጡና፣

“ጠበቅ አድርገህ ያዝ እንጂ! ለመሆኑ አንተ ስንት ዓመትህ ነው?” አሉኝ።