አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ለሞቱት ተዋናይት ክብር ስለ መስጠት

እሁድ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት የተጠራው ስብሰባ፣ ጎጃም በረንዳ በሚገኘው የጋሼ ሀብተ ወልድ ብርድ ልብስ መጋዘን ውስጥ 4፡20 ላይ ተጀምሯል። ከሰባቱ የኮሚቴ አባላት አራቱ ተገኝተዋል። አቶ ሰዓድ መኪናዬን ያለቦታው አቁሜያለሁ ብለው ሊወጡ ሲሉ በሩ በመቆለፉ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

የተገኙ፦
1. ጋሼ ሀብተ ወልድ፣ ብርድ ልብስ አከፋፋይ (ሰብሳቢ)
2. ወ/ሮ ደብሪቱ፣ የቅመማ ቅመም ነጋዴ (አባል)
3. አቶ ሰዓድ፣ ጫማ ነጋዴ (አባል፣ ሳይወዱ)
4. ቶላ፣ ማኅተም ቀራጭ (ጸሐፊ)

አጀንዳ 1፦ የሰፈራችንን ተዋናይት እትዬ የሻሽወርቅን ስለ ማክበር

ሰብሳቢው እንዳስረዱት፣ እትዬ የሻሽወርቅ አርባ ሁለት ዓመት በመድረክም በፊልምም ሲሠሩ አንድም ጊዜ ዋና ገጸ ባሕርይ ሆነው አያውቁም። ሁልጊዜ አማት፣ አከራይ ወይም ጠንቋይ ናቸው። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ሞተዋል፤ ሁለቱን ጊዜ የታዩት ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ፎቶ ብቻ ነው።

ወ/ሮ ደብሪቱ ተቃውመዋል። በአንድ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ምራታቸውን በዝናብ ከቤት ያስወጡ ሴትዮ ሊከበሩ አይገባም ብለዋል። ድርሰት መሆኑ ሲነገራቸው፣ ድርሰት ከሆነ ለምን እሳቸው ተመረጡ ብለው ጠይቀዋል። አቶ ሰዓድ ምራቲቱም ጥፋት ነበረባት በማለታቸው ክርክሩ ሃምሳ ደቂቃ ወስዷል።

ከረጅም ውይይት በኋላ በዓል እንዲደገስላቸው፣ ካባ እንዲለብሱና ለምራቲቱም ማጽናኛ ብርድ ልብስ እንዲሰጥ ተወስኗል።

አጀንዳ 2፦ በበዓሉ ባነር ላይ ስለሚወጣው ፎቶ

እትዬ የሻሽወርቅ ያለ ሜካፕ የተነሱት ፎቶ ቢሰቀል ማንም እንደማያውቃቸው ተነስቷል። አቶ ሰዓድ፣ በፊልም ሞተው ተገንዘው የሚታዩበት ፎቷቸው ጥራት አለው ብለዋል። ሰብሳቢው ሕዝቡ ለለቅሶ እንዳይመጣ ሰግተዋል።

በዚህ መሐል በሩ ተንኳኳ። ጸሐፊው ከፍቶ፣ ሹራብ የለበሱ ሴትዮ ቢያይ ገዢ መስለውት ዛሬ ሽያጭ የለም ብሎ ዘግቷል። እትዬ የሻሽወርቅ ነበሩ። ጸሐፊው ጥፋቱን በዚሁ መዝግቧል።

አጀንዳ 3፦ (ያልተያዘ) የባለ በዓሏ አስተያየት

ካባ ሊያለብሷቸው መታሰቡን ሰምተው የመጡት እትዬ የሻሽወርቅ በሩ ዳግም ተከፍቶላቸው ከገቡ በኋላ፣ አንድ የሥራ ባልደረባቸው ካባ ከለበሰ ወዲህ የፊልም አዘጋጆች ጡረታ የወጣ እየመሰላቸው ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም እንዳልደወለለት ተናግረዋል። “ጋሼ ሀብተ ወልድ፣ እኔ እኮ ገና ሥራ ላይ ነኝ” ብለዋል።

የፊታችን ሐሙስ የአዲስ ፊልም ቀረጻ ይጀምራሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዋናዋ ሴት እሳቸው ናቸው፤ የሚጫወቱትም የመርካቶ ቅመም ነጋዴ ሆነው ነው። ሚዛን ግን ይዘው አያውቁም። “በዚህ ዕድሜዬ የተሰጠኝን እንዳላበላሸው ፈራሁ” ብለው ቁልቁል አይተዋል።

ወ/ሮ ደብሪቱ፣ በፊልሙ ውስጥ ምራት አለች ወይ ብለው ጠይቀዋል። እትዬ የሻሽወርቅ አለች ብለዋል።

“እንግዲያው ነገ በጠዋት ሱቅ ይምጡ” ብለዋል ወ/ሮ ደብሪቱ። “ሚዛኑንም፣ ደንበኛ አያያዙንም፣ ምራት አያያዙንም አሳይዎታለሁ።”

ውሳኔ፦ በአጀንዳ 1 የተወሰነው በሙሉ ተሽሯል። ባነር አይሠራም። ኮሚቴው ከዛሬ ጀምሮ ፈርሷል።

ስብሰባው 6፡45 ላይ አብቅቷል። ሁለቱ ሴቶች ሳይፈርሙ ወጥተዋል። ጸሐፊው ሊያስፈርማቸው ሲከተላቸው፣ ወ/ሮ ደብሪቱ መንገድ ዳር ቆመው በባዶ እጃቸው በርበሬ ይመዝኑ ነበር፤ እትዬ የሻሽወርቅም ቦርሳቸውን መሬት አስቀምጠው አብረዋቸው ይመዝኑ ነበር። ጸሐፊው ሳይጠራቸው ተመልሷል።