አያ ቢሻው የልጃቸውን ምረቃ ለአዘዞ ያወጁበት ዜና

ይህች የክብር ዜና የተፈጸመችው አገራችን በራሷ አቆጣጠር ሁለት ሺህን በተሻገረች በሁለተኛው ዓመት፣ በዘመነ ማርቆስ ወንጌላዊ፣ ኮብልስቶን በፒያሳ ነግሦ ወደ አዘዞ ገና ሳይዘምት፣ ሞባይልም ከነጋዴ ወገብ ወርዶ ለድሃ ኪስ ሳይደርስ ነው። አመ ፲ ለሐምሌ በዕለተ ቀዳሚት፣ ጥሩንባ በያዙ በዐሥራ ዘጠነኛው ዓመት፣ ባለ ግርማው ድምፅ፣ ሁለት መቶ ዐሥራ ሰባት ሟች ያለ አንዳች የስም ስሕተት የጠሩ፣ የአዘዞ እድር ጥሩንባ ነፊ አያ ቢሻው፣ ልጃቸውን አምሳልን ሊያስመርቁ ወደ ጎንደር ከተማ ዘመቱ።

የዘመቻው ምክንያት ይህ ነው። አያ ቢሻው ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰውን ስም ከነአባቱ ሲጠሩ ኖረዋል፤ የእሳቸውን ስም ግን ከሚስታቸው ከወርቅውሃ በቀር ድምፁን ከፍ አድርጎ የጠራው አልነበረም። ከእሳቸው በኋላ የሚሾመው ጥሩንባ ነፊ አንድ ቀን ይጠራው ይሆናል፤ ያን ቀን ግን እሳቸው አይሰሙትም። ስለዚህ በምረቃው ሜዳ ማይክሮፎን እንደሚቆም፣ የተመራቂም ስም በድምፅ ማጉያ እንደሚጠራ ሰው ከነገራቸው ጊዜ ጀምሮ እህል አልበላ አላቸው፤ አምሳል ከተባለ ቀጥሎ ቢሻው መባሉ አይቀርምና። ከመሞታቸው በፊት አንድ ጊዜ ስማቸውን ከልጃቸው ስም ኋላ በአደባባይ ለመስማት፣ ይህችን ብቻ ከፈጣሪያቸው ለመኑ።

ነገር ግን አንዲት ጭንቀት ነበረባቸው። በዚያ ሜዳ የሐኪም አባት፣ የዳኛ አባት፣ ቦርሳ የሚይዝ አባት ሁሉ ይቀመጣል። ከልጃቸውም አፍ በአራት ዓመት ትምህርቷ ጥሩንባ የሚል ቃል ወጥቶ አያውቅምና ታፍርብኛለች ብለው ደምድመው ነበር። በዚያች ጧት ጥሩንባቸውን ከግድግዳ አውርደው ከአልጋ ሥር ሸሸጉት፤ በቤተ ሰዎቻቸውም ላይ እንዲህ የሚል አዋጅ አወጡ፦ «ዛሬ ሥራዬን የሚጠይቅ ቢመጣ የእድሩ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነው በሉ። ጥሩንባ ብሎ የተናገረ ከዚህ ቤት ዶሮ አይቀምስም።»

ወእምዝ ሠራዊቱ ተሰለፈ። በቀኝ ቆማ ነጠላዋን ሦስት ጊዜ ያጠበች፣ እመ ምሩቅ ወርቅውሃ። በግራ ቆሞ ከጭልጋ አይከል የመጣው ወንድሟ ምስጋናው፣ መዓርጉ ወሃቤ እስክርቢቶ፤ አምሳል ስድስተኛ ክፍል ሳለች አንድ ሰማያዊ ቢክ ሰጥቷት ነበርና ዲግሪው የመጣው በዚያ ቢክ እንደሆነ በሙሉ ልቡ ያምናል። ከእርሱም ጋር ሰባት የጭልጋ ዘመዶች፣ ከነሱ ሦስቱ ሠርግ መስሏቸው የመጡ። ቀጥሎም የሒሳብ መጽሐፍ አውሳት መልሳ የተቀበለቻት የአክስት ልጅ፤ ቀጥሎም ማንም የማያውቀው፣ ዘፈኑ ስላማረው ብቻ የገባ ሰውዬ። መሪውን የጨበጠው ጎረቤታቸው ቡሽራ ነበር፤ ልጅቱ ሁለተኛ ደረጃ ስትማር በሚኒባሱ ያመላለሳት እሱ ነውና የዲግሪው ግማሽ የእኔ ነው ይላል። ግማሹን ቡሽራ፣ ሲሶውን ምስጋናው፣ ሩቡን የአክስት ልጅ ከወሰዱ ለአምሳል የሚተርፋትን ጸሐፊው ሊያሰላ ቢሞክር አቃተው።

ከሜዳው በር በደረሱ ጊዜ የጥሪ ካርዱ ለአንድ ተመራቂ ሁለት ብቻ ሆኖ ተገኘ። አያ ቢሻውም እንደ ጦር አበጋዝ አሰቡና ሚስታቸውን ይዘው ገቡ፤ የቀረውን ሠራዊት ግን በአጥሩ ዙሪያ አሰፈሩት፣ ድምፅ ማጉያው በአጥር አይከለከልምና። ለሰፈሩትም አዋጅ ተነገረ፦ «አምሳል ቢሻው ሲባል ሁላችሁ እልል በሉ። ቢሻው የሚለውን ሳትሰሙ እልል ያላችሁ እንደሆነ ተጣላን።»

ዝናቡ ካፊያ ጀመረ። ንግግር ሆነ፣ ሌላ ንግግር ሆነ፤ የሜዳሊያ ተሸላሚዎች አንድ በአንድ ከነአባታቸው ተጠሩ፤ አያ ቢሻው በእያንዳንዱ ስም ላይ የአንባቢውን ስልት እየመዘኑ፣ ይህ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ይህ ደግሞ የአባቱን ስም ይውጠዋል እያሉ በሙያ ዐይን ይገመግሙ ነበር። ከዚያ በኋላ ድምፅ ማጉያው የሚድዋይፈሪ ተመራቂዎች ብድግ በሉ አለ። መቶ የሚያህሉ ጥቁር ጋውን የለበሱ ልጆች ባንድ ላይ ተነሡ፤ ዲግሪ ሰጥቻችኋለሁ ተባሉ፤ የቆባቸውን ክር ከወዲህ ወደዚያ አዞሩ፤ ባንድ ላይ ተቀመጡ። ስም የሚባል ነገር አልነበረም። አያ ቢሻው ሁሉም እስኪያልቅ፣ ወንበሩም እስኪነሣ ጠበቁ፤ ከአጥሩ ውጭ ያለው ሠራዊትም እልልታውን በጉሮሮው ይዞ ደርቆ ቀረ።

ሕዝቡ ተያይዞ ወደ ግንቡ ሄደ፤ ያለ ግንቡ ፎቶ የተመረቀ ጎንደሬ የለምና። በዚያም ወሃቤ እስክርቢቶ ምስጋናው ቆቡን ከልጅቱ ራስ ወስዶ ደፋና ተነሣ፣ ጋውኑንም ለበሰና ተነሣ፤ ሰባቱም የጭልጋ ዘመዶች በተራ ተመረቁ፤ የማይታወቀውም ሰውዬ ተመረቀ። አምሳል ባለ ዲግሪዋ ነጠላ ተከናንባ ተራዋን ስትጠብቅ ያዩ አያ ቢሻው ልባቸው ተቆረጠና፣ ቤት አዘጋጃለሁ ብለው ከወርቅውሃ ጋር ቀድመው በቡሽራ መኪና ወደ አዘዞ ተመለሱ። በጣም ከፍቷቸው ነበር።

ከሰፈር እንደ ደረሱ ሚስታቸው ወደ ቤት ገባች፣ ቡሽራም የቀሩትን ሊያመጣ ተመለሰ። አያ ቢሻው ግን የሞት ጥሪ ወደሚያሰሙባት ጉብታ አመሩ። ጥሩንባውን አልያዙም፤ ሰው ሞት እንዳይመስለው ተጠንቅቀው ነው። በዚያ ቆመው፣ ማይክሮፎን የነፈጋቸውን በራሳቸው ጉሮሮ ሊፈጽሙ፣ ድምፃቸውን አነሡ፦ «ስማ አዘዞ ስማ፤ ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማው አሰማ። የቢሻው ልጅ፣ አምሳል ቢሻው፣ በዛሬው ዕለት በዲግሪ ተመርቃለች። ደስ ያለው ሁሉ ከቤቴ ይምጣ።»

ግሩም አዋጅ ነበር፤ የመጀመሪያውን ግማሽ አዘዞ በሙሉ ሰማው። ችግሩ የአዘዞ ሰው ከዚያ ጉብታ፣ በዚያ ድምፅ ስም ሲጠራ ቆሞ ሰምቶ አለማወቁ ነው። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስሙን እንደ ሰማ ነጠላውን ያዘቀዝቃል፣ በሩን ይዘጋል፣ ይሮጣል፤ የቀረውን ለቅሶው ቤት ይሰማዋል። ዲግሪ የሚለው ቃል በአየር ላይ ሲደርስ ለመስማት የቆሙት ካፊያውን የሚጠለሉ ሁለት አህዮች ብቻ ነበሩ።

የእድሩ ዳኛ አስማረ፣ መዓርጉ ዐቃቤ ድንኳን፣ የመጋዘኑን ቁልፍ ይዞ በባዶ እግሩ ወጣ፤ የገዛ ጥሩንባ ነፊያችን ልጅ ናት፣ ዛሬ ያልተፋጠነ መቼ ሊፋጠን ነው እያለ፣ ሰዓት የሚፈጀውን ድንኳን በሃያ ደቂቃ ተከለው። አያ ቢሻው ከጉብታቸው ወርደው ልጄ ደህና ናት፣ ተመርቃለች እያሉ ከሰው ሰው ቢሮጡ፣ ሁለት ጎረምሶች ብብታቸውን ደግፈው ያዟቸው፤ ኀዘን አቅሉን የነሣው አባት ደህና ናት ማለቱ አዲስ አይደለምና። በጮኹ ቁጥር የሚይዛቸው ሰው በዛ። ከአንድ ሰዓት በፊት ልጇን በደህና የተሰናበተችው ወርቅውሃም ግቢው በልቅሶ ሲሞላ ባየች ጊዜ፣ ከእኔ በኋላ መኪናው ምን ሆነ ብላ ከሁሉም በላይ ጮኸች። በመጨረሻ አያ ቢሻው ራሳቸው ተጠራጠሩ። እሳቸው ጠርተው ያልሞተ ሰው አያውቁምና፣ መታገላቸውን ተዉ፣ ሰዎቹም በፍራሽ ላይ አስቀመጧቸው።

ያን ጊዜ የአስለቃሾች አለቃ፣ ጎረቤታቸው እማማ ወለላ፣ ከግድግዳው አምሳል ከምረቃው ሳምንት አስቀድማ የተነሣችውን የጋውን ፎቶ አወረደች፤ ለኩራት የተሰቀለውን ፎቶ በደረቷ አቅፋ በድንኳኑ መካከል ቆመች፤ እንዲህም ብላ ሙሾ አወረደች፦

«ማን ይነግረኛል ሰዓቱን የኪኒኔን፣
ሄደች አሉኝ አምሳል ይዛው ሁለት ዓይኔን።»

ሴቶቹ ተቀበሏት። አንዷ ምጥ ይዟት በሰፈር ማንም ባልነበረ ጊዜ አምሳል እጇን ይዛ ሐኪም ቤት እንዳደረሰቻት፣ አንዱ ሽማግሌ የጡረታ ማመልከቻውን አራት ጊዜ ሲመልሱበት አራት ጊዜ እንደ ጻፈችለት እየተናገሩ አለቀሱ። አያ ቢሻው በፍራሹ ላይ ሆነው ሰሙ። ይህን ሁሉ አያውቁም ነበር፤ እሳቸው የሚያውቁት ከስሟ ኋላ ስማቸው መኖሩን ብቻ ነው።

ወለላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ይህን አወጀች፦ «ስሙ፣ ገና ትንሽ ተማሪ ሳለች እኔ ከትምህርት ቤቱ በር ቆሜ የሰማሁትን። ልጆች አባቷ ሞት ይጠራል ብለው አብረናት አንቀመጥም ሲሏት ምን አለች? አባቴ ዘመድ የሌለውን ለማኝ እንኳ ከነአባቱ ስም ይጠራዋል፤ የእናንተ አባት ማንን ጠርቶ ያውቃል አለቻቸው። ምነው እንዲህ ያለች ሸጋ ልጅ ትወሰድብናለች?»

በዚህ ጊዜ ሁለት መቶ ዐሥራ ሰባት ሞት ደረቅ ዐይናቸውን ያላረጠበባቸው አያ ቢሻው አለቀሱ፤ ጋቢያቸውን ከአፋቸው ላይ ጠምጥመው እንደ ማንኛውም ሰው አለቀሱ። ሰውም ይኸው አመነ ብሎ እጃቸውን ለቀቀ።

ወበይእቲ ሰዓት የቡሽራ ሚኒባስ ክላክስ እየነፋ ደረሰ። በመስኮቱ ቆብ የደፋው ምስጋናው ግማሽ ሰውነቱን አውጥቶ ይጨፍራል፤ ከኋላው የጭልጋ ዘመዶች ያጨበጭባሉ፤ የማይታወቀው ሰውዬ ዘፈኑን እየመራ አዝማች ሆኗል። ለቀስተኛው ይህን ነውር አይቶ ሊቆጣ ሲል፣ የጋውኗን ጫፍ ከጭቃ ሰብስባ አምሳል ወረደች። ወለላ ፎቶውን አየች፣ ልጅቱን አየች፣ እንደገና ፎቶውን አየችና በቀስታ ከጉልበቷ ሥር አስቀመጠችው። ልጅቱ ድንኳኑን፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ፣ በፍራሽ ላይ የተቀመጡትን አባቷን ተመለከተች፤ ነገሩ ገባት። ከአባቷ አጠገብ ሄዳ ቆመችና፣ ከእሳቸው በወረሰችው ድምፅ አወጀች፦ «ስማ አዘዞ ስማ። እኔ አምሳል ነኝ፤ አባቴ ቢሻው ነው፣ የአዘዞ እድር ጥሩንባ ነፊ። አልሞትኩም፤ አዋላጅ ሆኛለሁ። አባቴ የሚሄደውን ይጠራል፣ እኔ የሚመጣውን እቀበላለሁ። አሁን ግን ከጧት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም።»

ዐቃቤ ድንኳን አስማረ በቦታው ሳለ ፍርድ ሰጠ፦ «በደንባችን የተተከለ ድንኳን ሳይበላበት አይነቀልም። ነጠላችሁን አስተካክሉ፤ ለቅሶው ድግስ ሆኗል።» የተቀቀለው ንፍሮ ከዶሮው ጋር ቀረበ፤ ወለላም ሙሾዋን ዜማውን ሳትለውጥ ወደ ዘፈን መለሰችው፣ ብዙም ልዩነት አልነበረውም።

አያ ቢሻው ግን ከሰው መካከል ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። ከአልጋ ሥር ጥሩንባቸውን አወጡ፣ በጋቢያቸው ወለወሉት፣ ወደ ጉብታቸውም ወጥተው በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ለደስታ ነፉት፤ ረጅም፣ ያማረ፣ እስከ ጎረቤቷ ከተማ እስከ ፀዳ ድረስ የሚሰማ ጥሪ ነፉ። በዚያ ሰዓት ቆሞ ማንነታቸውን የጠየቃቸው መንገደኛ ቢኖር ጥሩንባ ነፊ ነኝ ይሉት ነበር።

እንግዲህ የሰማ ሁሉ ያመስግን። በቁሟ ተለቅሶላት ምግባሯ በአባቷ ጆሮ የተሰማላት ምሩቅ ከአምሳል በቀር ማን ናት? ማይክሮፎን የነፈገውን ስም ከልጁ አፍ የተቀበለ አባት ከቢሻው በቀር ማን ነው? ክብራቸው ከጉብታቸው ከፍ ይበል፣ ትንፋሻቸው አይጠር፣ ጉሮሯቸው አይድረቅ። ይህም ውዳሴ እየተጻፈ ሳለ፣ በፀዳ በኩል የፀዳ እድር ጥሪውን ሰምቶ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ሁለተኛውን ድንኳን ተሸክሞ እየሮጠ ይመጣ ነበር።