አደይ ለተብርሃን ያስታመሙት ተማሪ

እስቲ ባላችሁበት አንድ እግራችሁን አንሱ። አነሳችሁ? ቀላል ነው አይደል? የእኔ እንጀራ ይቺው እግር ናት። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ስትሮክ የመታውን ሰው እንደገና መቆምና መራመድ አለማምዳለሁ፤ በዚያ ላይ ለልምምድ የሚላኩልኝን ተማሪዎች አስተምራለሁ። ክሊኒካችን ቦሌ ቡልቡላ ነው። የታክሲው ረዳት «ፊዚክስ ቤት ጋ የምትወርዱ!» እያለ ነው የሚያወርደኝ። ማረሙን ትቼዋለሁ።

ከተማሪዎቼ አንዱ ናሆም ይባል ነበር። የነርቮችን ስም እንደ ዳዊት ይደግማል። የሰጠሁት ታካሚ አደይ ለተብርሃን ናቸው። ዘመናቸውን ሙሉ ጨርቅ የሸጡ፣ የሰው ቁመት በዓይናቸው የሚለኩ ሴት። ስትሮኩ ቀኝ ጎናቸውን አድክሞባቸዋል። እግራቸው መቆም እንደሚችል መርምሬ አውቃለሁ። ግን አንዴ ወድቀው ፈርተዋል፤ ከዊልቸሩ ንቅንቅ የለም! ልጃቸው ተስፋ ቆርጣ የእናቷን አልጋ ከፎቅ ወደ ሳሎን አውርዳለች።

ናሆም መጽሐፉ እንደሚያዘው አእምሯቸውን ሊመረምር፣ «እናቴ፣ አሁን የት ነው ያለነው?» አላቸው።

አደይ ወደ እኔ ዞሩ፤ ልጄ ለማለት «ወደይ» ነው የሚሉኝ። «ወደይ፣ ይሄ ልጅ ጠፍቶ ነው? ለቤተሰቡ ደውሉለት እንጂ!»

በማግስቱ ተማሪዎቹን ሰብስቤ ፎከርኩ። የታካሚውን ጭንቀት በገዛ ገላው ያልቀመሰ ምኑን ባለሙያ ሆነ አልኩ። ናሆምን አስነሳሁና «ስትሮክ እንደመታው ሰው ሂድ» አልኩት። ልጁ ለካ ተዋናይ ኖሯል! አፉን አጣመመ፣ ክንዱን አጠፈ፣ እግሩን ጎተተ። እያጨበጨብንለት ሳለ ምንጣፉ ጠለፈውና ተንገዳገደ።

«ያዙት! ልጁን ያዙት!»

አደይ ናቸው፣ ኮሪደር ላይ ተራ የሚጠብቁት። በሩ ክፍት መሆኑን ማን ልብ አለ? ከዊልቸሩ ብድግ ብለው፣ ግድግዳ ተደግፈው፣ አንድ ሁለት ርምጃ መጥተው ክንዱን ያዙት። ወር ሙሉ ለምኜ ያጣሁትን! ሮጬ ከኋላቸው ቆምኩ፤ እጄን ዘርግቼ።

«በዚህ ዕድሜው!» እንባቸው መጣ። ናሆም ሊያስረዳ ቢሞክር፣ አፉን ማቃናት ረስቶ ኖሮ ተንተባተበ። «አትናገር ልጄ፣ አትድከም» አሉት።

እኔስ? እውነቱን መናገር ነበረብኝ። ግን ቆመዋል እኮ! ዝም አልኩ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኛው እያደር ከበደ።

አደይ ናሆምን ማስታመም ያዙ። «ወደይ፣ እኔን እይ። ተረከዝህን አስቀድም። አትፍራ፣ አለሁልህ።» እያሳዩት ይራመዳሉ፤ እሱ እየጎተተ ይከተላል። እሱ ደረጃ ሲያቅተው እሳቸው ወጥተው ያሳያሉ። ጸበል ሳይቀር አመጡለት። ጓደኞቹ መጋረጃ ነክሰው ይስቃሉ። ልጃቸውም ደወለችልኝ፦ እማዬ ፎቅ ወጥታ አልጋዬን መልሱ ብላ እየጮኸች ነው፣ ምን አድርጋችኋት ነው?

«ልምምድ ነው» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

በመጨረሻ ናሆም እያለቀሰ ቢሮዬ መጣ። «ቲቸር፣ ከዚህ በላይ አልችልም። ዛሬ ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሰው አጎረሱኝ።»

«በየትኛው እጃቸው?»

«በቀኛቸው።»

«በቀኛቸው?!» ተነስቼ ጨፈርኩ። ልጁ እያለቀሰ እኔ እጨፍራለሁ። ኋላ ግን አፈርኩ። ተያይዘን ሄድንና ሁሉንም ተናዘዝን። አደይ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ቀጥ ብለው ቆመው ሰሙን። ከዚያ ሳቁ።

«ያን ቀን እውነት መስሎኝ ደንግጫለሁ» አሉ። «ሳምንት ሳይሞላ ግን አወቅሁ። ሰኞ በቀኙ ያነክሳል፣ ሐሙስ በግራው። እንዲህ ያለ በሽታ የት አለ?»

ናሆም እግሮቹን ተራ በተራ አያቸው። እውነት ለመናገር እኔም አላስተዋልኩም ነበር።

«ታዲያ አደይ፣ ለምን ዝም አሉ?» አልኳቸው።

«ምን ላድርግ ልጄ? አስተማሪው አንተ ነህ። ዛሬ ያርመዋል፣ ነገ ያርመዋል ብዬ ስጠብቅ፣ ሳላስበው ዳንኩ።»