የዳርጌ መቃብርና የጓድ ሰማኸኝ አፍ

ንቃት ሊያስፋፋ ከጂንካ የተላከው ካድሬ፣ ጓድ ሰማኸኝ፣ ቀይ አፈር ከተማ አጠገብ ካለ አንድ የገበሬ ማህበር በደረሰ ማግስት አደገኛ አድኃሪ አጋለጠ። አድኃሪው ከሞተ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል።

ዳርጌ የሚባል ሽማግሌ ነው። «ለውሸታም ጀርባዬን አልሰጥም» ብሎ ተናዞ፣ ቁጭ እንዳለ ተቀብሯል። መቃብሩ ዘንድ የዋሸ አፉ ይጣመማል ይባላል። ስለዚህ ድንበር የገፋ ሁሉ ወደዚያ ሲወስዱት ገና መንገድ ላይ ያምናል፤ የማህበሩ ፍርድ ሸንጎም ሁለት ዓመት ሙሉ ዝንብ እሽ ሲል ከርሟል። ሸንጎ ተቋቁሞለት የማይካሰስ ሕዝብ! ከዚህ የባሰ ኋላ ቀርነት ከየት ይመጣል?

ጓድ ሰማኸኝ ሕዝቡን መቃብሩ ዘንድ ሰበሰበ።

«ዛሬ እዚሁ ቆሜ ዋሽቼ አሳያችኋለሁ! በቅድሚያ ግን የምርት ሪፖርት አቀርባለሁ። የማሽላ ምርታችን ከዕቅዱ በላይ መቶ አርባ በመቶ...»

ከፊት የተቀመጡት ባልቴት፣ እልፍነሽ፣ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ጓድ፣ ተጀመረ እንዴ?»

«ምኑ?»

«ውሸቱ።»

«ይሄ ሪፖርት ነው፣ እትዬ!»

«እሺ፣ እሺ፣ ይቀጥሉ» አሉ። ዓይናቸውን ግን ከአፉ አልነቀሉም። ሌላውም አልነቀለም።

አሥራ አንድ ገጽ አነበበ። አፉ ቅንጣት አልተዛነፈም። የመዋሸቱ ተራ ሲደርስ የሚያዳምጠው አልነበረም፤ ሕዝቡ «ዳርጌ ዛሬ ገና ሞተ» እየተባባለ ተበትኗል።

በሳምንቱ ፈለቀ የተባለ ጎረቤት የእልፍነሽን ማሳ ስድስት እርምጃ ገፋና መቃብሩ ላይ ወጥቶ «አልገፋሁም» ብሎ እየሳቀ ማለ። ሌሎችም ተከተሉት። ሸንጎው በከሳሽ ተጥለቀለቀ፤ ሁሉም ይምላል፣ ማንም አይፈራም።

እልፍነሽ ቢሮው ድረስ መጡ።

«ምስክሬን ገደሉብኝ። የልጅ ልጆቼን የማበላው ከዚያች ማሳ ነው።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?»

«ባጠፉበት አፍ ይመልሱልኛ!»

ጓድ ሰማኸኝ አፈረ። ሐሙስ ገበያው ሞቅ ሲል፣ አገጩን በሻሽ አስሮ፣ አፉን ወደ ግራ ጆሮው ጠምዝዞ መሃል ለመሃል አለፈ።

«ምን ነካዎት?» ላለው ሁሉ በከንፈሩ ጥግ መለሰ፦ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? ሪፖርትም እንደዚያው ነው፤ እያደር ያዘኝ።»

ፈለቀ በማግስቱ ፀሐይ ሳትበረታ ድንበሩን መለሰ። ለጥንቃቄም ከራሱ ማሳ ሁለት እርምጃ ጨመረላቸው።

ወሬው ጂንካ ደረሰ። አንድ የበላይ ኃላፊ አጉል እምነትን የሚያወግዝና የአውራጃውን አመርቂ ውጤት የሚዘረዝር ባለ ሃያ ገጽ ንግግር ይዘው በላንድሮቨር መጡ። መቃብሩ ሲታይ መኪናውን አስቆሙ። ሰማኸኝን በጣታቸው ጠሩና መስኮቱን ጥቂት ዝቅ አደረጉ።

«ጓድ» አሉ በሹክሹክታ፣ «ከመኪናው ሳልወርድ ባነበው... ዳርጌ ይደርስብኛል?»