የክቡር ይግባኝ ስድሳ አራተኛ አቤቱታ

ሽንፈትን በፈገግታ የሚቀበል ሰው አለ፤ አኩርፎ የሚቀበልም አለ። ሦስተኛው ዓይነት ግን ጨርሶ አይቀበልም፤ "ጉዳዩ እንደገና ይታይልኝ" ይላል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር፣ መሥሪያ ቤትም ሆነ ቤተሰብ ተፈልጎ አይገኝም። በቴሌቪዥን ኳስ ሲታይ ፊሽካ በተነፋ ቁጥር ከተጫዋቹ ቀድሞ እጁን የሚያወራጨው እሱ ነው። ዳቦ ቤት "አልቋል" ሲሉት መደርደሪያውን በዓይኑ ካላየ ንቅንቅ አይልም። ሐኪም "ደም ግፊት አለብህ" ካለው ሌላ ሐኪም ጋ ይሄዳል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር ከተስማማ ደግሞ መለኪያውን መጠርጠር ይጀምራል።

ፋርማሲስቷ እንዲህ ያለ ሰው ለማየት ከቤት መውጣት አላስፈለጋትም። አባቷ ናቸው።

ሰፈሩ "ክቡር ይግባኝ" ይላቸዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት ፍርድ ቤት ውስጥ መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ያን ሁሉ ዘመን የሰው ይግባኝ ሲቀበሉ፣ ቁጥር ሲሰጡ፣ በክር ሲያስሩ ኖሩ እንጂ በራሳቸው ስም የተከፈተ አንድ መዝገብ አልነበራቸውም። ጡረታ በወጡ በሳምንቱ ታዲያ የተጠራቀመው ሁሉ ገነፈለ። ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ሄደው "ግራው ከቀኙ ያጥራል" ብለው ተከራከሩ፤ አስተካከለ። "አሁን ደግሞ ቀኙ ከግራው አጠረ" አሉ፤ እንደገና አስተካከለ። ሦስተኛው ላይ የሚቆረጥ ፀጉር ስላለቀ ክርክሩ ተዘጋ። ሁለቱ ከዚያን ቀን ጀምሮ ወዳጆች ናቸው።

ጠባዩ ግን ከጡረታው በፊትም ነበር። እናቷ ሁልጊዜ እየሳቁ ያወሩታል። "ላግባሽ ሲለኝ አይሆንም ብዬው ነበር። በሦስተኛው ቀን ታላቅ ወንድሜ ዘንድ ሄዶ ይግባኝ አለ። ከጠዋት እስከ ማታ ተከራክሮ ወንድሜን አደከመውና አስፈረደብኝ።" ወንድምየው በወጣትነታቸው በረኛ ነበሩ፤ ዛሬም ስማቸው በረኛው ነው። "በዘመኔ ከገቡብኝ ጎሎች ሁሉ ያ ሰውዬ ያገባብኝን የሚያህል የለም" ይላሉ።

በሰፈሩ ውስጥ ጋሼ ፔዳል የሚባሉ ሰው ቢራ ቤት አላቸው። ድሮ ብስክሌት ተወዳዳሪ ስለነበሩ ከመደርደሪያው በላይ አንድ ጎማ ተሰቅሏል። እሁድ እሁድ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ እዚያ ቤት የስፖርት ጥያቄና መልስ ውድድር ይካሄዳል። ቡድኖች በየጠረጴዛቸው ይቀመጣሉ፣ ጥያቄ ይነበባል፣ መልስ በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ ይሰጣል። ጋሼ ፔዳል ጥያቄ አውጪና ዳኛ ሲፈልጉ ፋርማሲስቷን የመረጡት ስፖርት ታውቃለች ብለው አልነበረም። "የሐኪም ጽሑፍ አንብባ መድኃኒት የምትሰጥ ልጅ፣ ሦስት ቢራ የጠጣ ሰው ጽሑፍ አያቅታትም" ብለው ነው። እሷም ሥራውን እንደ መድኃኒት ቆጠራ ያዘችው። ሳምንቱን ሙሉ ታነባለች፣ ጥያቄዋን ከነመልሱ በደብተር ትጽፋለች፣ እሁድ ማይክሮፎኗን ይዛ ትቆማለች።

ክቡር ይግባኝ ይህን እንደሰሙ ቡድን አቋቋሙ። አባላቱ እሳቸው፣ በረኛውና ፀጉር አስተካካዩ ሆኑ። የቡድኑን ስም "ሰበር" አሉት። ፀጉር አስተካካዩ ሰበር ዜና ማለታቸው መስሎት በጣም ወደደው፤ ከሁሉም በላይ ያለው ችሎት ማለታቸው እንደሆነ የገባው ከአራት ወር በኋላ ነው።

የመጀመሪያው እሁድ የማራቶን ርቀት ተጠየቀ። ሰበሮች "42 ኪሎ ሜትር" ብለው ጻፉ። ፋርማሲስቷ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር እንደሆነ አስታውቃ ነጥብ ነሳቻቸው። ክቡር ይግባኝ ተነሡ፣ የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ፣ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

"ክብርት ዳኛ፣ ቅር ብሎኛል።"

ቤቱ ሁሉ ወደሷ ዞረ። አባቷ በቤት "አንቺ ልጅ" ሲሏት ነበር የምታውቀው።

"ምን ቅር አለዎት?" አለች፤ እሷም ሳታስበው አንቱ ብላቸው።

"አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር የሮጠ ሰው መቶ ዘጠና አምስቷን ሜትር እንደ ሩጫ አይቆጥራትም። ከእኔ ቤት እስከ ዳቦ ቤት አትሞላም። እኔ በየቀኑ እሄዳታለሁ፤ ማንም ሜዳሊያ ሰጥቶኝ አያውቅም!"

"አልተቀበልነውም።"

"ይመዝገብልኝ" ብለው ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲህ ያለ ይግባኝ ያለፈ እሁድ የለም። በመረብ ኳስ አንድ ቡድን ሜዳ ላይ ስንት ተጫዋች ያሰልፋል ቢባል፣ ልዩ ቀለም ማሊያ የሚለብሰውን ተከላካይ በላዩ ደምረው ሰባት አሉ። እሱ ሌላውን ተክቶ ስለሚገባ ሜዳ ላይ ያሉት ሁልጊዜ ስድስት መሆናቸውን ልጃቸው አስረዳች። "እንግዲያው ማሊያው ለምን ተለየ? ሰውየውን አግልለውት ነው!" ብለው ተሟገቱ። በእጅ ውርወራ በቀጥታ ወደ ተጋጣሚ ጎል የገባ ኳስ ጎል እንዳልሆነና የመልስ ምት እንደሚሰጥበት ስትናገር ደግሞ የሕዝብ ጭብጨባ እንደ ማስረጃ ይቆጠርልኝ አሉ። ስድሳ ሦስት ይግባኝ አቀረቡ። ስድሳ ሦስቱም ውድቅ ሆነ።

አንዳንዱን እሷ ራሷ ብታስታውሰው ይቆረቁራታል። መጀመሪያ አካባቢ ከወዲያ ጠረጴዛ "ለአባቷ ታደላ ይሆናል" የሚል ሹክሹክታ ሰምታ ነበር። ከዚያ በኋላ የሌላውን አንድ ጊዜ ስታነብ የአባቷን ወረቀት ሁለቴ ታነባለች፤ የሌላው ስድስት ዜሮ ከመሰለ ስድስት ነው፣ የአባቷ ስድስት ዜሮ ከመሰለ ዜሮ ነው። አንድ እሁድ የባድሜንተን ኳስ ስንት ላባ እንዳለው ተጠይቆ ሰበሮች አሥራ ስድስት ብለው በትክክል መለሱ። እሷ ግን የስድስቱ ሆድ ሰፋብኝ ብላ "አሥር" ብላ አነበበችው። በረኛው ሊሰድቧት ተነሥተው የእህታቸው ልጅ መሆኗ ትዝ ሲላቸው ተቀመጡ።

ማታ እራት ላይ ፍርሃት ፍርሃት አላት። አባቷ ግን ሳህኗን ወደሷ ገፋ አድርገው "ብዪ እንጂ ልጄ፣ ቆመሽ ነው የዋልሽው" አሉ። እናቷ ስለ ላባው ሲጠይቋቸው "በችሎት ስላለ ጉዳይ በገበታ ላይ አላወራም" አሉ።

እንዲህ እንዲህ እያለ የዓመቱ መዝጊያ እሁድ ደረሰ። ያን ቀን የሚያሸንፍ ቡድን አንድ ጆሮው የተቆለመመ የቆርቆሮ ዋንጫ ይቀበላል፤ ፎቶው ከጎማው ሥር ይሰቀላል። ዋንጫው ባለፉት ሁለት ዓመታት ከጥርስ ሐኪሟ ቡድን እጅ ወጥቶ አያውቅም። ሐኪሟና ሁለቱ ነርሶቿ ቡድናቸውን "ሠላሳ ሁለቱ" ብለው በጥርስ ቁጥር ሰይመውታል፤ ሲያሸንፉም ሠላሳ ሁለቱን ጥርሳቸውን ያሳያሉ። በረኛው ጉልበታቸው ሊቀደድ ቀጠሮ ስለያዙ ለወራት ከቤት እንደማይወጡ አውቀዋል። "ሆስፒታል የምገባው ያቺን ቆርቆሮ ታቅፌ ነው" እያሉ ሳምንቱን ሙሉ ሲያጠኑ ከረሙ። ፀጉር አስተካካዩም ለፎቶው ብሎ ሦስቱንም በነጻ አስተካከለ፤ ክቡር ይግባኝ ያን ጊዜ ብቻ ቅር አላላቸውም።

አሥራ ዘጠኝ ጥያቄ አለቀ። ሁለቱ ቡድኖች እኩል ሆኑ። ቤቱ ከመሙላቱ የተነሳ ሰው በመስኮት በኩል ቆሞ ያያል። ፋርማሲስቷ ደብተሯን ገልጣ የመጨረሻውን አነበበች።

"በሦስት ሺህ ሜትር መሰናክል ውድድር አንድ ሯጭ ከመነሻ እስከ መድረሻ በጠቅላላው ስንት ጊዜ መሰናክል ያልፋል?"

በረኛው ጠረጴዛውን ሳይደበድቡ ለጥቂት ተረፉ። "ሃያ ስምንት! ማክሰኞ ነው ያነበብኩት! ጻፍ!" ብለው በክቡር ይግባኝ ጆሮ ውስጥ ተነፈሱ። ክቡር ይግባኝ ጻፉ። ወረቀቶቹ መጡ። ሠላሳ ሁለቱ 35 ብለዋል። ሰበር 28 ብሏል። ፋርማሲስቷ ደብተሯን አየች፤ በራሷ እጅ ጽሑፍ 28 ይላል። ልቧ ዘለለ። የአባቷን ወረቀት እንደ ልማዷ ሁለቴ አነበበች፤ ስምንቱ ስምንት ነው፣ ምንም አይወጣለትም።

"አሸናፊው… ሰበር!"

ቤቱ ተናወጠ። ፀጉር አስተካካዩ ወንበር ላይ ወጣ። በረኛው የሚቀደደውን ጉልበታቸውን ረስተው ዘለሉ። ሐኪሟ አንድ ጊዜ በረጅሙ ተንፍሳ መጥታ ጨበጠቻቸው። ጋሼ ፔዳል ዋንጫውን በሽርጣቸው እየወለወሉ ካሜራ የያዘውን ሰው ጠሩ።

ክቡር ይግባኝ ግን ቦታቸው ላይ አልነበሩም። ኮታቸው ወደ ተሰቀለበት ጥግ ሄደው የውስጥ ኪሱን ይበረብራሉ። በውድድር ሰዓት መጽሐፍ መያዝ ስለማይፈቀድ የአትሌቲክስ ደንብ መጽሐፋቸውን እዚያ ትተውት ነበር። እሳቸው የተፈረደላቸውን ፍርድ እንኳ ሳይመረምሩ የሚያድሩ ሰው አይደሉም። መነጽራቸውን አደረጉ። ገጹን አገኙ። አነበቡ። እንደገና አነበቡ። ከዚያ ኮታቸውን ለበሱ፣ ቁልፉን ቆለፉ፣ ወደ መሐል ቤት መጡ።

"ክብርት ዳኛ፣ ቅር ብሎኛል።"

"ጋሼ፣ አሸንፈናል እኮ!" አለ ፀጉር አስተካካዩ ከወንበሩ ላይ።

"ለዚያ ነው ቅር ያለኝ።"

"አንተ ሰውዬ፣ በእናትህ ተቀመጥ!" አሉ በረኛው።

አልተቀመጡም። "በእያንዳንዱ ዙር አራት ደረቅ መሰናክል አለ፤ በሰባት ዙር ሃያ ስምንት። እስከዚህ ልክ ነው። ግን በየዙሩ አንድ የውሃ መዝለያ አለ፤ ከውሃውም ፊት መሰናክል ቆሟል። እሱ ሰባት ነው። ክብርት ዳኛ የጠየቁት በጠቅላላው ነው። በጠቅላላው ሠላሳ አምስት ይሆናል። ደንቡ ይኸው።"

ፋርማሲስቷ መጽሐፉን ተቀበለች። የመጽሐፉ መስመር ግልጽ ነበር፤ መልሱን ስትጽፍ ውሃውን የረሳችው እሷ ናት።  ማንም አላስተዋለም ነበር። ሐኪሟ እንኳ እጅ ሰጥታ ነበር። "አልተቀበልነውም" ብትል ስድሳ አራተኛ ሆኖ ያልፋል፤ አጎቷም ዋንጫቸውን ታቅፈው ሆስፒታል ይገባሉ። ወደ አባቷ አየች። እንደ መዝገብ ቤት ሰው ቀጥ ብለው ቆመው ውሳኔ ይጠብቃሉ።

"በማን ስም ነው ይግባኙ?" አለች።

"በተቃራኒ ወገን ስም።"

"ውክልና አለዎት?"

ክቡር ይግባኝ የኮታቸውን ኪሶች አንድ በአንድ ዳበሱ። ከወዲያ ጠረጴዛ ሐኪሟ እጇን አወጣች። "አለዎት! አሁን ሰጠሁዎት!"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ፋርማሲስቷ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀች፤ ማይክሮፎኗን ወደ አፏ አስጠጋች። "ዳኛዋ ተሳስታለች። ይግባኙ ተቀባይነት አግኝቷል። አሸናፊው ሠላሳ ሁለቱ ነው።"

ክቡር ይግባኝ ወንበር ላይ ዘጭ አሉ። "ተቀባይነት አግኝቷል" አሉ ለራሳቸው በሹክሹክታ። ከዚያ "ተቀባይነት አገኘ እኮ!" ብለው ተነሥተው ፀጉር አስተካካዩን፣ ጋሼ ፔዳልን፣ የማያውቁትን ካሜራ የያዘውን ሰው ሁሉ አቀፉ። ዋንጫ ያጡት እሳቸው ናቸው ቢባል ማንም አያምንም። በረኛው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው ነበር፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅሱ መስሎ ሰው ደነገጠ፤ ለካ የሚስቁት ሳቅ ነበር። ሐኪሟ ጠጋ ብላ "ይህችን ቆርቆሮ ጉልበትዎ እስኪድን ይጠብቁልን፤ እኛ አቧራ ማራገፍ ሰልችቶናል" ብላ ዋንጫውን እቅፋቸው ውስጥ አስቀመጠችላቸው። ፎቶውንም ስድስቱ ተደባልቀው ተነሡ።

ክቡር ይግባኝ ግን ውሳኔው በጽሑፍ ካልተሰጠኝ አልወጣም አሉ። ልጃቸው ከደብተሯ ገጽ ገንጥላ ጻፈች፤ ጋሼ ፔዳል የቢራ ቤቱን ክብ ማኅተም መቱበት።

አባትና ልጅ ጎን ለጎን ወደ ቤት ሄዱ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ክቡር ይግባኝ ወረቀቱን እያነበቡ፣ እየሄዱ፣ ከሰው ጋር እየተጋጩ ብዙ ከተጓዙ በኋላ ድንገት ቆሙ።

"አንቺ ልጅ፣ ይኼ ነገር ቅር ብሎኛል።"

"አባዬ! ረትተህ?"

"አንብቢው። 'ዳኛዋ በግድየለሽነት ስለዘነጋች' ይላል። ምን ማለት ነው ግድየለሽነት? ሳምንቱን ሙሉ መብራት አብርተሽ ስትጽፊ እኔ አይደለሁም የማይሽ? ልጄን እንዲህ የሚያዋርድ ውሳኔ አልቀበልም። ይውጣ።"

 ፋርማሲስቷ ዓይኗ ውስጥ አቧራ የገባባት መስላ ፊቷን ወደ አንድ የአጥር ግድግዳ አዞረች። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ እስክሪብቶ አወጣች። የምታስደግፍበት ነገር ስላጣች አባቷ ሳይጠየቁ ጎንበስ ብለው ጀርባቸውን ሰጧት። ወረቀቱን ኮታቸው ላይ ዘርግታ ቃሉን ሰረዘችው።

"ጨረስኩ" አለች።

"ቆይ፣ አልጨረስሽም" አሉ ክቡር ይግባኝ ጎንበስ እንዳሉ። "ስርዝ ድልዝ ያለበት ወረቀት ዋጋ የለውም። አጠገቡ ፈርሚበት።"