መኪናዋን ማን መተተባት?

ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። መኪናው ሲበላሽ ኮፈኑን ከመክፈት ይልቅ ጎረቤቱን መጠርጠር የሚቀለው ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔማ አብሬው ኖሬያለሁ፤ አጎቴ ነው።

አጎቴ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንዲት አሮጌ አውቶማቲክ መኪና ገዛ። ብዙም ሳይቆይ ጠዋት ጠዋት ከሥሯ ቀይ ነገር ፈስሶ ይገኝ ጀመር። መኪናዋም ዳገት ስታይ እያጓራች መሄድ እምቢ አለች። እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? አጎቴ ግን «የዶሮ ደም ነው፤ መተት ተሠርቶብኛል» አለ። ዶሮ የሚያረቡ ጎረቤት ደግሞ እማማ የሺ ብቻ ናቸው። ሰላምታ ነሳቸው። ወሬው ዞሮ ዞሮ ሰፈሩ ሁሉ ደጃቸውን መርገጥ ተወ።

መኪናዋን ጠበል ልናስረጭ ወደ ይጁቤ ስንሄድ ዳገቱ መሀል ቀጥ አለች። ሞተሩ ይጮኻል፤ ጎማው ንቅንቅ አይልም። ከኋላችን የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር ወርዶ ከሥር አጎነበሰ፤ ቀዩን በጣቱ ነክቶ አሸተተ።

«ጋሼ፣ የካምቢዮ ዘይቱ አልቆብዎታል። የአውቶማቲክ ዘይት ቀይ ነው፤ ሲፈስ የከረመው እሱ ነው።»

«ደም አይደለም?»

«ደም ቢሆንማ፣ ይህን ሁሉ ያፈሰሰች ዶሮ በሬ ታክል ነበር።»

እኔ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ፤ ለሐዘን እንዳይመስላችሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ ሳይበተን፣ አጎቴ የእማማ የሺን ጉልበት ሳመ። «በሐሰት ነው ያማሁዎት፤ የመኪናዬ ዘይት ነው» አለ። በተጠገነችው መኪናዬ ላድርስዎት ቢላቸው «በእግሬ ይሻለኛል» አሉት። መኪናዋን እዚያው ትቶ እስከ ቤታቸው በእግሩ ሸኛቸው።