ቀድመው የሚመልሱት ጋሽ መርሻ

በየከተማው፣ ጥያቄው ሳያልቅ መልሱን የሚጨርስ አንድ ሰው አለ። የደብረ ታቦር ድርሻ ጡረተኛው ጋሽ መርሻ ናቸው። እኛ ወጣቶቹ በሌሉበት የሰጠናቸው ማዕረግ «ሊቀ መልስ» ነው።

የአንበሳሜ መኪና ከየት እንደሚነሳ የጠየቃቸውን እንግዳ፣ ሻንጣውን ተሸክመው፣ እያጫወቱ፣ የገሳይ መኪና ላይ ያሳፍሩታል። ዝናብ ይመጣ እንደሆነ ሲጠየቁ «ዛሬስ የለም!» ይላሉ፤ ጃንጥላቸውን እንደያዙ። ዲያቆንና መምህሩ በአንድ የግእዝ ቃል ሲከራከሩ መሐል ገብተው ሁለቱንም አርመዋል። ሁሉም የሚጀምረው «ይሄማ ቀላል ነው!» በሚል ነው።

ዘንድሮ ፈተናው በኮምፒውተር ነው ተባለና ማታ ማታ የማነብበት ቤተ መጻሕፍት ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች መለማመጃ ሆነ። ከነሱ አንዷ ስርጉት ናት። ከገሳይ ማዶ ነው የመጣችው፤ ማውስ የምትይዘው እንደ ጫጩት፣ እንዳይሞትባት እየፈራች ነው።

ኮምፒውተሮቹ እርጥባን ናቸው፤ የራሳቸው ዲስክ የላቸውም። ሲበሩ በኬብሉ በኩል «አድራሻዬ ምንድን ነው? ሊኑክስ የሚባለውን ማስነሻ ፕሮግራም ከየት ልጫን?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥግ ያለው ዋናው ማሽን ይመልስላቸዋል፤ ሁሉን ይልክላቸዋል፤ ይነሳሉ።

አንድ ሰኞ አልነሱም። ጥቁር ስክሪን ላይ «የሚጫን ነገር አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ ብቻ።

«ይሄማ ቀላል ነው! መብራቱ ደክሟል» አሉ ከቤተ መጻሕፍቱ የማይጠፉት ጋሽ መርሻ። መብራቱ እስኪበረታ ጠበቅን። በማግሥቱ «ኬብሉ ታጥፏል» አሉ፤ ኬብል ስንዘረጋ ዋልን። ቀጥሎ ጥፋቱ የብርድ ሆነ።

«የእኛ ብርድ ሰው ያንቀጠቅጣል። ብረት አይሰማውም ብላችሁ ነው?» ብለው ጋቢያቸውን ዋናው ማሽን ላይ ደረቡለት። ማሽኑ ሞቀው። ልጆቹ ግን አልተለማመዱም።

«ጋሼ፣ ፈተናው እኮ ደረሰ» አለቻቸው ስርጉት።

«አይዞሽ ልጄ፣ ነገ ይነሳል።»

በመጨረሻ ከዩኒቨርሲቲው ሊድያ የምትባል ባለሙያ መጣች። ጋሽ መርሻ በር ላይ ተቀብለው መብራቱንም፣ ኬብሉንም፣ ብርዱንም አስረዷት። በትዕግሥት ሰምታቸው ገመዶቹን አንድ በአንድ መንቀል ጀመረች። መደርደሪያው ላይ ወደተቀመጠች ትንሽ የዋይፋይ ሳጥን የሚሄደውን ስትነቅል፣ የስርጉት ኮምፒውተር ተነሳ።

«ይቺ ናት» አለች ሊድያ። «ኮምፒውተሮቹ ሲጠይቁ ከዋናው ማሽን ቀድማ ትመልሳለች። ሊኑክስ የት እንዳለ አታውቅም፤ ግን ዝም አትልም።»

«እዚህ ዘመድ አላት ማለት ነው!» አለ ተስፋነህ፣ ከተማሪዎቹ አንዱ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ሊድያ ምኑም አልገባትም። «ማነው የሰካት?» አለች።

ማን እንደሰካት ሁላችንም እናውቃለን። ጋሽ መርሻ ናቸው፤ «ልጆቹ በኢንተርኔት አይቸገሩ» ብለው በዚያ ሰኞ ዋዜማ ከገዛ ሳሎናቸው ነቅለው ነበር ያመጧት። ጣጣ ታመጣለች ብሎ የጠረጠረ ግን አልነበረም። ዞር ብዬ አየኋቸው። መልስ ሲዘገይባቸው ያየሁት ያኔ ነው።

«እኔ እንጃ» አሉ።

ማንም አልሳቀም። ስርጉት አንገቷን ደፍታ ፊደል መፈለግ ጀመረች፤ ለመለማመድ የቀራት አንድ ቀን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ መርሻ ቤተ መጻሕፍቱን አልረገጡም። መናኸሪያው አጠገብም ቆመው አላየናቸውም። መንገደኞች አሁን በየመኪናቸው ይሳፈራሉ፤ ሻንጣቸውን የሚሸከምላቸው ግን የለም።

ሳጥኗን ልመልስላቸው ቤታቸው ሄድኩ። ገመዱ የት እንደሚገባ አውቃለሁ። ቢሆንም «ጋሼ፣ ይቺ የት ጋ ነው የምትሰካው?» አልኳቸው። የፈለግኩት የተሳሳተ መልስ ነበር። ጣሪያው ላይ ቢሉኝ መሰላል አመጣ ነበር።

ሳጥኗን በእጃቸው አገላብጠው አዩአት።

«አላውቅም ልጄ» አሉ። «የሚያውቅ ሰው ጠይቅ።»

ከሳቸው የሰማሁት የመጀመሪያው ትክክለኛ መልስ ነው። ምነው ባልጠየቅኳቸው።